ይታገሱ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ምድር ቤት፣
በዳቦ መሸጫና በጋዝ ሲሊንደር መሃል የተሰካች ክፍል ናት፤
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንዱ በፕላስተር የታሰረ፣
“ዱቤ የለም” የሚል ወረቀት፣ ከዱቤው ደብተር በላይ የተገተረ።

ቅዳሜ ማታ። ሮቤራ ለፍጻሜ ደርሷል፤
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ ሶፋ ላይ ተደራርቧል።
ከወዲያ፣ ከሐዋሳ፣ ዳንጊሶ የሚሉት፣ መልኩን ያላየነው፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ በስሙ ብቻ የፈራነው።
ሁለት ለሁለት። ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ። ቅጣት ምት።
ሮቤራ ምራቁን ዋጠ፤ መታት።
ኳሷ ከተደረደሩት ራሶች በላይ ወጣች፣ ታጠፈች፣
እዚያው አየር ላይ ቀረች።

ስክሪኑ መሃል ያ ክብ ምልክት መዞር ጀመረ፣
እህል በሌለበት አውድማ እንደሚዞር በሬ።

“ጋሼ፣ ደውል!”
ደወልኩ። ለአማርኛ አንድ፣ ለኢንተርኔት ሦስት፤
“ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው” ትላለች አንዲት ያልተወለደች ሴት።
ቀጥሎ ክላርኔት።
በሦስተኛው ጥሪ ላይ
ነፊው የት ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ አወቅኩ፣
አብሬው መተንፈስ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው፦ “ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።”
አጠፋሁት፣ አበራሁት።
“ስንት መብራት ይታያል?”
“አራት አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ።”
“ቀዩ በራሱ ጊዜ ይጠፋል” አለና ራሱ ጠፋ።

ሁለተኛው፦ “በዚህ ሰዓት ለጨዋታ ነው እንዴ?”
“ለእነሱ ጨዋታ ነው፣ ወንድሜ፤ ለእኔ የሱቅ ኪራይ ነው።”

ሦስተኛዋ “ትርሲት ነኝ” አለች፤
ድምጿ የደከመ፣ ግን የሰው።
“ስምዎን ይንገሩኝ?”
“ይታገሱ።”
“እሺ።”
ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ክቡ ይዞራል።
“እየጠበቅኩዎት ነው፣ ጌታዬ።”
“ይታገሱ አልኩ እኮ!”
“እየታገስኩ ነው እኮ!”

አባቴ በመሬት ክርክር ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣
ጸሐፊው በመስኮት የሚወረውርለትን ይህንኑ ቃል ለቃቅሞ
ለበኩር ልጁ ስም አወጣው፤ ወርቅ መስሎት።
ሰሙ ነው እጄ ላይ የሚቀልጠው፦
ለቤት ዕጣ አሥራ አራት ዓመት፣ ለቆጣሪ ሁለት፣
ለዚች መስመር ደግሞ ስምንት ወር ታገስኩላት።

“ውይ! ለካ ስምዎ ነው!” ብላ ሳቀች።
ያ ሳቅ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ተቀርጿል፤
የሆነ ቦታ ተቀምጧል።

ወዲያው ድምጿ ተመለሰ፣ እንደ ተነበበ ደብዳቤ፦
“ከእኛ በኩል ምንም ችግር የለም፤ ሲስተሙ አረንጓዴ ያሳያል።”
በበሩ ብቅ አልኩ። አዲሱ መንገድ ዳር፣ ቦዩ አፋፍ ላይ፣
ኤስካቫተሩ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፤
ከጥርሱ መሃል ጥቁር ገመድ ተንጠልጥሎ፣
በልቶ ሳይጨርስ እንቅልፍ የወሰደው ከብት መስሎ።
“እህቴ፣ የተበጠሰውን ከዚህ ቆሜ አየዋለሁ” አልኳት፤
“ሲስተምሽን ለአንድ ደቂቃ ተይውና እኔን እመኚኝ።”
ጻፈች። የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ረጅም ነገር ነው የምትጽፈው።
“ቴክኒሻን በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ይደርሳል። እስከዚያ እባክዎ ይታገሱ።”
“አቤት!” አልኳት።

አራት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ፦
“ቅሬታዎ ስለተፈታ እናመሰግናለን።”
ልጆቹ አንድ በአንድ ከየፎቁ ተጠሩ፤
ሶፋው ላይ የተረሳ አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ተዉ፣
እና ሮቤራን።
ቴሌቪዥኑን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ
“ተው ጋሼ፣ ገና አልወረደችም” አለኝ።

እውነቱን ነው።
ተውኳት። ቆጣሪው ይብላ፤
ኳሷ ከሰዎቹ ራስ በላይ እንዳለች ናት፤
ምናልባት ሐዋሳም፣ መልኩን የማላውቀው አንድ ልጅ
ሳይተኛ፣ ከታች ሆኖ ያያታል፣
አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ።